አስቸኳይ፦ የከሰል አመድ ላይ የማንጋኒዝ ሐምራዊ ቀለም እምቢ አለኝ

ሰብለ ከማራኪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከጭልጋ የመጣ የድንጋይ ከሰል ላይ ማንጋኒዝ እየለካሁ ነው፤ ተፈጭቶ በማጣበቂያ ብሪኬት (የተጠፈጠፈ ማገዶ) የተደረገ ነው። በ750 ዲግሪ አመድ አድርጌ በአሲድ አሟሟሁት። ማንጋኒዙን ወደ ሐምራዊ ፐርማንጋኔት የሚቀይረውን ፖታሺየም ፐርአዮዴት ጨምሬ ሳፈላው ሐምራዊ መሆን ሲገባው ቢጫ ሆኖ ቀረ። አንዱ ቢከር ላይ ትንሽ ቀላ ብሎ እያየሁት ጠፋ፣ ከሥሩም እንደ ጠላ አተላ ያለ ቡናማ ዝቃጭ ተኛ። ስታንዳርዱ (ማንጋኒዙ የታወቀው ማነጻጸሪያ) ግን ቆንጆ ሆኖ ወጥቷል። ክፍሉ ደግሞ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ማን ዕቃ እንዳጠበበት እንጃ። ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ ውጤት ማሳየት አለብኝ። እባካችሁ!

ቢኒ ፒያሳ፦ ፐርአዮዴቱ አንሶሽ ነው። ጨምሪበትና ደግመሽ አፍይው።

የጭልጋ ልጅ፦ የኛ አገር ከሰል እኮ ሊግናይት (ቡናማ ከሰል) ነው። ከ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ረግረግ ውስጥ የተቀበረ እንጨትና ቅጠል ነው። አካባቢው ባዛልት ነው፤ በከሰሉ መሃል ሸክላ አፈርና የእሳተ ገሞራ አመድ ይገባበታል። እና ማንጋኒዙ ከከሰሉ ይሁን ከአፈሩ በምን ታውቂዋለሽ? ብሪኬቱስ በምን ተጣበቀ? በሸክላ ከሆነ የምትለኪው ሸክላውን ጭምር ነው። መጀመሪያ ጥያቄሽን አስተካክይ ባይ ነኝ።

ሰብለ ከማራኪ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ማጣበቂያው ሸክላ ነው። እሱን ለብቻው እለካዋለሁ። አሁን የቸገረኝ ቀለሙ ነው።

ዮኒ፦ አተላው ከተገኘ ጠላው የት ሄደ? ለማንኛውም ኤዲቲኤ (ብረታ ብረትን የሚይዝ ኬሚካል) ጠብ አድርጊበት፣ ቢጫ ያደረገውን ብረት ይይዝልሻል።

ጋሽ ኬሚስት፦ ኧረ ኤዲቲኤ እንዳታስጠጊ! ፐርማንጋኔት ኤዲቲኤን ይበላዋል፣ የቀረው ቀለምም ይጠፋል። ኤዲቲኤ ለቲትሬሽን (ጠብ እያደረጉ ለመለካት) ነው፤ ፒኤች 10 ላይ፣ ማንጋኒዙ ኦክሲዳይዝ እንዳይሆን አስኮርቢክ አሲድ ተጨምሮ፣ ያውም መጠኑ በዛ ሲል። ልጄ፣ በየትኛው አሲድ ነው ያሟሟሽው?

ሰብለ ከማራኪ፦ በአኳ ሬጂያ (የሃይድሮክሎሪክና የናይትሪክ አሲድ ቅልቅል) ጋሼ። ሌላውን አሲድ አልነካሁም።

ጋሽ ኬሚስት፦ እንግዲያው ችግርሽ ከሃይድሮክሎሪኩ የመጣው ክሎራይድ ነው። የሸተተሽ በረኪና አይደለም፣ ከቢከርሽ የሚወጣ ክሎሪን ነው። ፊውም ሁዱን (ጋዝ መምጠጫውን) ክፈቺ። ፐርአዮዴቱ ማንጋኒዙን ትቶ ክሎራይዱ ላይ ያልቃል። ትንሽ ፐርማንጋኔት ቢፈጠርም ክሎራይዱ መልሶ ያፈርሰዋል። ቡናማው ዝቃጭ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከተረፈሽ የሟሟ ፈሳሽ ውሰጂ፣ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምሪና ክሎራይዱ እንዲወጣ ወፍራም ነጭ ጭስ እስኪታይ አሙቂው። በደንብ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ቀስ እያልሽ አሲዱን ወደ ውሃ ጨምሪ፣ ውሃውን ወደ አሲዱ አይደለም። ቀጥሎ ፎስፎሪክ አሲድ። እሱ ብረቱን ቀለም አልባ ኮምፕሌክስ አድርጎ ይይዘዋል፣ ቢጫውም ይሄዳል፤ ዝቃጩንም ይከላከላል። አሁን ፐርአዮዴት ጨምረሽ አፍይው፣ ቀለሙ ከወጣ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ በሙቀቱ ይቆይ። ሲቀዘቅዝ በስፔክትሮፎቶሜትር (የቀለም መለኪያ) 525 ናኖሜትር ላይ አንብቢ። የስታንዳርዱ ቀለም የወጣው ክሎራይድ ስለሌለበት ነው።

ቢኒ ፒያሳ፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ፐርአዮዴት ጨምሪ።

ሄለን፦ ቢኒ፣ ክሎራይዱ ካልወጣ ኪሎ ብትጨምርም ዋጋ የለውም። ሰብለ፣ ከመጀመሪያው የሟሟ ፈሳሽ ጥቂት ቀንሰሽ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አድርጊበት። ከነጣ ክሎራይድ አለ። ፐርአዮዴት የገባበት ላይ ግን አትሞክሪው፣ እሱም ከሲልቨሩ ጋር ዝቃጭ ይሠራል። ለማቅጠኛም ውሃውን በፐርአዮዴት አፍልተሽ ተጠቀሚ፤ ውሃ ውስጥ ያለ ኦርጋኒክ ነገር ቀለሙን ያደበዝዛል።

ሰብለ ከማራኪ፦ እንደ ወተት ነጣ! ሆት ፕሌቱ ላይ አድርጌዋለሁ። መብራት እንዳይጠፋ ጸልዩልኝ።

የጭልጋ ልጅ፦ ሲሳካልሽ ውጤቱን ወደ ከሰል መልሺው እንጂ በአመድ እንዳትተዪው። አመዱ 30 በመቶ ሆኖ በኪሎ አመድ 400 ሚሊግራም ካገኘሽ፣ በኪሎ ከሰል 120 ነው። ሸክላውንም ቀንሺ።

ሄለን፦ ጋሼ፣ እኔ ሰልፈሪክ ስጨምር ነጭ ደለል ይቀርብኛል። ልተወው?

ጋሽ ኬሚስት፦ ሊግናይት ካልሲየም ይበዛዋል፣ ካልሲየም ሰልፌት ሊሆን ይችላል። ፐርአዮዴት ከመግባቱ በፊት አጥልይው። ቀለሙ ከወጣ በኋላ ግን በወረቀት ማጥለያ እንዳትሞክሪ፣ ወረቀቱ ፐርማንጋኔቱን ያጠፋዋል።