የተራራው ንፋስ የወፎቹን ድምፅ እየዋጠብኝ ነው

ሰላም፣ ያለሁት ሐዋሳ ነው። ከወንዶ ገነት በላይ ባለው ተራራ ወፎችን በድምፅ መቅጃ እየመዘገብኩ ነው። መሣሪያዎቹ ኦዲዮሞዝ የሚባሉ መቅጃዎች ናቸው፤ በሦስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። ዛፍ ላይ አስሬ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በራሳቸው ይቀዳሉ።

ጫካው ውስጥ ያሉት ግሩም ናቸው። ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘው ግንባረ ቢጫዋ በቀቀን እንኳ ጥርት ብላ ትሰማለች፤ እሷን ስሰማ ድካሜ ሁሉ ይረሳኛል።

ችግሩ የተራራው ጫፍ ላይ ያለው ንፋስ ነው። ማይኩን በስፖንጅ ሸፈንኩት፤ ዝናብ ሲመታው ውሃ ጠጥቶ ድምፁን አፈነው። ከ1 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በሶፍትዌር ስቆርጥ ንፋሱ ቀነሰ፤ ግን የርግቦቹ ወፍራም ድምፅ አብሮ ጠፋ። እኔ ደግሞ በተለይ የምፈልገው እነሱን ነው።

ዝናብ የሚችል፣ ወፍራም ድምፅ የማያፍን የንፋስ መከላከያ ገበያ ላይ ከሚገኝ ከምን ዕቃ ልሥራ?