ችክችካ ላይ ዲሌይ ሲበዛ ይጨማለቅብናል፤ ከየት እንጀምር?

ፒያሳ_ኦርጋን፦
ሰላም ለቤቱ። የሳይኬደሊክ ጃዝ ሮክ ባንድ ነን፦ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ኦርጋን፣ ሳክስፎንና ክራር። ፒያሳ ባለችን ምድር ቤት ስለ ሕዋ የሚያወራ አዲስ አልበም እየቀዳን ነው። ዋናው ሥራ በአንቺሆዬ ቅኝት ነው፤ ምቱ ችክችካ (ረጅም-አጭር እያለ የሚሄደው የእስክስታ ምት)፣ 6/8፣ ትልቁ ምት በደቂቃ 100። ዲሌይ (ድምፁን እንደ ማሚቶ የሚደግመው) እና ሪቨርብ (እንደ ትልቅ አዳራሽ የሚያስተጋባው) ሲጨመር እስክስታው ይሞታል፣ ሲቀነስ ደግሞ ሕዋው ይጠፋል። ክራሩ በሚለጠፍ ፒክአፕ (ድምፅ መቀበያ) ሲገባ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ፔዳሎቹም (ድምፅ የሚቀይሩት በእግር የሚረገጡ ሳጥኖች) ይጮሃሉ።

ሲሶ_ምት፦
ዲሌዩ ስንት ሚሊሰከንድ ላይ ነው? 450 ከሆነ ሌላ ጥፋተኛ አትፈልጉ። ፔዳሎች ላይ ብዙ ሰው የሚመርጠው ባለ ነጥብ ስምንተኛ (የምቱ ሦስት አራተኛ) ለ4/4 የሚስማማ ነው፤ በ100 ፍጥነት 450 ይሰጣል። ችክችካ ግን ምቱን ለሦስት ይከፍላል። 60,000ን ለ100 አካፍሉ፦ 600 ሚሊሰከንድ፤ ሲሶው 200። የችክችካው ረጅም ምት 400 ይፈጃል፣ አጭሩ 200። ዲሌዩን 400 ላይ ስታደርጉት የረጅሙ ማሚቶ ልክ አጭሩ ላይ ያርፍና ከበሮውን ያግዘዋል። 450 ላይ 50 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ ጥፋቱ የማሚቶው ሆኖ ሳለ ስድቡን የሚቀበለው ድራመሩ ነው።

ፔዳሉ ቁጥር የማያሳይ ከሆነ አንድ ምት ብቻ ኮምፒውተር ላይ ቅዱና በድምፁና በማሚቶው መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ድግግሞሹ ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጥ። ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ መሣሪያ ብቻ ነው ሕዋ የሚሄደው። ጊታሩ ሲንሳፈፍ ኦርጋኑ መሬት ይያዝ፤ ቤዝና ከበሮ ሁልጊዜም ደረቅ (ያለ ዲሌይና ሪቨርብ) ይሁኑ።

ባለ_ቅኝት፦
ሒሳቡ ልክ ነው፣ ቅኝቱ ግን ተረሳ። አንቺሆዬ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። ሁለት ቦታ ላይ በግማሽ ድምፅ የሚጎራበቱ ኖታዎች አሉ። ሪቨርቡ 5 ሰከንድ ከቆየ ዶው ሳይሞት ሬ ቤሞሉ ይደርስና ይፋጫሉ፤ ጭምልቅልቅ ያላችሁት እሱን ነው። ሜጀር ትዝታ (ዶ ሬ ሚ ሶል ላ) ግማሽ ድምፅ ስለሌለው ረጅም ሪቨርብ ይሸከማል። ስለዚህ አንቺሆዬው ላይ ከ1.5 ሰከንድ ብዙም አትለፉ፤ መሃል ላይ ወደ ትዝታ የምትሻገሩበት ክፍል ካለ እዚያ ልቀቁት። ከሪቨርቡ ላይ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡ።

በነገራችን ላይ ለርዕስ ጋላክሲ ምናምን ከማለት መጽሐፈ ሄኖክን ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ግለጡ። ፀሐይ በ6 የምሥራቅ በሮች ትወጣለች፣ በ6 የምዕራብ በሮች ትገባለች። ለ6/8 ከዚህ የተሻለ ሕዋ የት ይገኛል?

ሽቦ_ብየዳ፦
ክራሩ፦ የሚለጠፈው ፒክአፕ ፒዬዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ነው፤ ሬዚስታንሱ 1 ሜጋኦም ገደማ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። ሚክሰሩ ላይ በቀጥታ ስትሰኩት መግቢያው 10 ኪሎኦም አካባቢ ብቻ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል፣ ቆርቆሮው ይቀራል። ለፒዬዞ የሚሆን ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) መካከል አስገቡ፤ ከክራሩ እስከ ፕሪአምፑ ያለው ኬብል ከ3 ሜትር አይርዘም። ፒክአፑን ከቆዳው መሃል አንሱና በርኩማው (ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት) አጠገብ ሞክሩት።

ጩኸቱ፦ ወፍራም እምምም ከሆነ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ሁሉንም ዕቃ አንድ ሶኬት ላይ ሰኩ። ቀጭን ፉጨት ከሆነ ዲጂታሉ ዲሌይ ከሌሎቹ ጋር አንድ አዳፕተር ስለተጋራ ሳይሆን አይቀርም። ዲሌዩን ብቻ ለብቻው አዳፕተር ስጡትና ስሙ፤ ፉጨቱ ከጠፋ መውጫዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ፓወር ሰፕላይ ግዙ። እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የመሬት ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ካለ ግን ከክፍሉ አስወጡት፤ ያ ሽቦ ከተቆረጠ ጊታር ይዞ ማይክ በከንፈር መንካት ሊገድል ይችላል። መብራት ሲሄድም በርካሽ ኢንቨርተር አትቅዱ፤ ሞገዱ ደረጃ ደረጃ ስለሆነ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ውስጥ ይጮሃል።

ፒያሳ_ኦርጋን፦
ተባረኩ። ዋናው ሥራ 26 ደቂቃ ነው፤ ሸክላ ላይ በአንድ ፊት ይገባል?

ሲሶ_ምት፦
በደቂቃ 33 ዙር ይገባል፣ ግን መስመሮቹ ስለሚጠባበቁ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይቀረጻል፤ ሽርሽርታው ጎልቶ ይሰማል። 20 ደቂቃ አካባቢ ቢሆን ይሻላል። ቤዙን መሃል ላይ ሰብስቡት፤ ግራና ቀኝ የተበተነ ቤዝ መርፌውን ያዘልለዋል።