«ወረቀትሽን አሰርዘዋለሁ» ይላታል

ጥያቄ፣ ከጎንደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ እዚሁ ጎንደር ድል ባለ ሰርግ ተድራ ባሏ አሜሪካ ወሰዳት። አሁን ይመታታል። ፓስፖርቷን ደብቆባታል። «ከቤት ከወጣሽ ወረቀትሽን አሰርዤ አስመልስሻለሁ» ይላታል። አባታችን አዘዞ ወዳሉት ወላጆቹ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እናታችን ደግሞ «ቻይው፣ ልጅ ሲመጣ ይስተካከላል» ትላታለች። እውነት ትባረራለች?

መልስ፣ ከአሜሪካ፦
ወንድሜ፣ እህትህ አንጀቴን በላችው። እኔም የጎንደር ልጅ ነኝ።

ባል ሚስቱን ከአገር የማስወጣት ሥልጣን የለውም። እሱ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ (የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት) ያለው ከሆነ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ እሷ ያለ እሱ ፊርማ፣ እሱም ሳያውቅ፣ ለመኖሪያ ወረቀቷ በራሷ ማመልከት ትችላለች። ኢሚግሬሽን ለእሱ እንዳይነግር ሕግ ይከለክለዋል። የፖሊስ ሪፖርት የግድ አይደለም። የሐኪም ወረቀት፣ የዛቻ መልእክት፣ የሰማ ጎረቤት ቃልም ይታያል። ከተፋቱ ግን በ2 ዓመት ውስጥ ማስገባት አለባት።

ስለ ሽምግልናው በግልጽ ልናገር። ስንት ደም ያደረቁ ሽማግሌዎች አሉን፣ አከብራቸዋለሁ። ግን አዘዞ የተቀመጠ ሽማግሌ እዚህ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ በሌሊት የሚነሳን እጅ አይይዝም። ባልየው በስልክ «አጥፍቻለሁ» ይላል። ስልኩ ሲዘጋ «ገበናዬን አወጣሽ» ብሎ ይብስባታል። ስለዚህ ደኅና ቦታ ሳትገባ ለወላጆቹ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። እናታችሁም «ቻይው» ማለቷን ትተው። ልጅቷ የምትሰማው «መመለሻ የለሽም» የሚል ነው።

የቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ መስመር 1-800-799-7233 ነው። ሌት ተቀን ይሠራል፣ ነጻ ነው። «አምሃሪክ» ካለች አስተርጓሚ ይፈልጉላታል። አስተርጓሚው ሐበሻ ሲሆን ትሸማቀቅ ይሆናል፤ ስሟን ሳትናገር ማውራት ትችላለች። የባሏ ጓደኛ ግን በጭራሽ አያስተርጉምላት። ሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ 911 ትደውል።

ስትደውሉላት በስፒከር እየሰማ ሊሆን ይችላል። አስቀድማችሁ ተግባቡ፦ «ቡና አፈላሽ?» ስትላት «አፈላሁ» ካለች አጠገቧ አለ ማለት ነው።

ባሏ ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ? የእሷስ ግሪን ካርድ የስንት ዓመት ነው? የ2 ዓመት ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። አጣራና በውስጥ ጻፍልኝ፤ የምትኖርበትን ከተማ እዚህ እንዳትጠቅስ።