የአያቴን ነጭ የሾርባ ዕቃ በረኪና ውስጥ ልዘፍዝፈው?

የአዳማዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠርቶ፣ ጡረታ ሲወጣ አዳማ ገባ። ከዕቃዎቹ ውስጥ አንድ ነጭ፣ ክዳን ያለው የሾርባ ማቅረቢያ ቀርቷል። እጀታዎቹ የአንበሳ ራስ ናቸው። የአንዱ አፍንጫ ተሸርፏል (ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ በስድስት ዓመቴ)። እማዬ ሃያ ዓመት ሙሉ በርበሬ አስቀምጣበታለች። ባለፈው ገልብጬ ሳየው ሥሩ ላይ «ኦፓክ ደ ሳርጌሚን» ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጭ የፈረንሳይ ዕቃ የመሰብሰብ አባዜ ያዘኝ። ችግሩ፣ ሽፋኑ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ቡናማ ሆኗል። በረኪና ያነጣዋል?

አሮጌ ዕቃ ወዳጅ፦
ኧረ በረኪናውን ተይው እህቴ! ይሄ ፖርሴሊን አይደለም። የስልክሽን ባትሪ ውስጡ አብሪ፤ ፖርሴሊን ቢሆን ብርሃኑ ያልፍ ነበር። የአንቺ ከሥር ሸክላ ነው፣ ልክ እንደ ጀበና ፈሳሽ ይመጥጣል። ሸክላውና የላዩ ሽፋን እኩል ስለማይኮማተሩ ነው የሚሰነጠቀው። በረኪናው በስንጥቁ ገብቶ ጨው ይተዋል፤ ጨው ሲደርቅ ሽፋኑን እየገፋ ይልጠዋል። እኔ አንድ ሳህን እንዲህ አበላሽቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። መጀመሪያ የሰረገውን ዘይት ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አውጪ። ከዚያ ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ገዝተሽ ጥቂት ቀን ዘፍዝፊው። ትዕግሥት ይፈልጋል።

የባቡር ልጅ፦
ማህተሙ ላይ «ዲግዋን» የሚልስ አለ? የሳርጌሚን (በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ ያለች ከተማ ናት) ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። በ1871 ጀርመን አካባቢውን ስትጠቀልል፣ ባለቤቶቹ ፈረንሳይ ውስጥ ዲግዋን ላይ ሌላ ከፈቱ። ስለዚህ ዲግዋን ካለበት ከዚያ ወዲህ ነው። የአያትሽ ዕቃ በጅቡቲ መስመር መምጣቱ አይገርምም፤ ድሬ ድሮ ፈረንሳይኛ በየሰፈሩ ነበር። አፍንጫውን ግን በሙጫ አትነካኪው፣ እንዲሁ ያምራል።

እናት ነኝ፦
ልጄ፣ ሌላው ይቅር፣ በርበሬውን አውጪ። የድሮ ዕቃ ሽፋን ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፣ በተለይ ኮምጣጣ ነገር ያወጣዋል። ከእንግዲህ ለዓይን ብቻ ይሁን።

የአዳማዋ፦
አመሰግናለሁ። ዲግዋን የሚል የለም፣ ደስ አለኝ! ለእማዬ ስነግራት «ታዲያ በርበሬውን የት ላድርገው?» አለችኝ። ነገ ገበያ ወጥቼ ባለክዳን ጣሳ ልገዛላት ነው።