ጊጭ ላይ የሚርሱ ድንኳኖች፦ መላ ያላችሁ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። ክበባችን በነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜና እሁድ በሰሜን ተራሮች ከሳንቃበር ወደ ጊጭ ሊወጣ ተዘጋጅቷል፤ በድንኳኖቹ ጉዳይ ግን መላ አጥተናል።

ድንኳኖቹ የሁለት ሰው፣ ባለ ሁለት ንብርብር ናቸው። ማታ ደረቅ ሆነው ይተኛባቸዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ የመኝታ ከረጢቱ በእግር በኩል ይርሳል፤ የወለሉ ማዕዘኖችም ውሃ ያቁራሉ። ጣሪያው ላይ ከውስጥ የሚንጠለጠለው ጠብታ የትንፋሽ እንፋሎት ነው፦ ጊጭ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጉሙም አየሩን ያረጥበዋል። ማዕዘኖቹ ላይ የሚጠራቀመው ግን በትንፋሽ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከስር የሚነጠፈው ላስቲክ ከወለሉ በስንዝር ይተርፋል፤ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ስር የሚመራው እሱ ይመስለናል፣ ስለዚህ ጠርዙን ወደ ውስጥ ልናጥፈው ነው። ስፌቱ በሲሊኮን ተቀብቶ ነበር፤ ጨርቁ የፖሊዩሪቴን (ውሃ የማያስገባ ፕላስቲክ) ሽፋን ስላለው አልያዘውም፣ ተላጠ።

ነገሩ የሚያሳስበን ከረጢቶቹ የላባ ስለሆኑ ነው። ላባ ከራሰ ሙቀት አይዝም፤ በዚያ ብርድ ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

ለፖሊዩሪቴን የሚሆን የስፌት ማሸጊያ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የት ይገኛል? ዝናቡ ከነፋስ ጋር ሲመጣ የአየር ማስገቢያውን በየትኛው በኩል፣ ምን ያህል ከፍታችሁ ታድራላችሁ? የጅንባር ወንዝም ከሰዓት በኋላ በዝናብ ይሞላልና፣ የጭነት በቅሎዎቹ እስከ ስንት ሰዓት ቢሻገሩ ይሻላል? በክረምት ያደራችሁበት መልሱልን።