ለሰፈር የሌሊት ጥበቃ ክላሽ ወይስ ሾትጋን?

መነሻ፦ ጣፎ ዳር ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች የሌሊት ጥበቃው ምን ይታጠቅ የሚለው እያከራከረ ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ እንደሚያስቀጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥያቄው ፈቃድ ሲጠየቅ ለየትኛው ይጠየቅ ነው።

የካራው፦ እኔ ሾትጋን፣ በአንድ ተኩስ ብዙ ፍሬ የሚረጨውን ጠመንጃ፣ እላለሁ። የተፈተነው እኛ በምንፈራው ርቀት ላይ ነው። አሜሪካኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ሲገቡ ዊንቸስተር 1897 የሚባለውን ሾትጋን አሳጥረው ያዙ። የአፈሙዙ ርዝመት 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ላዩ ላይ እጅ እንዳያቃጥል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት፣ ጫፉ ላይ ሳንጃ መሰኪያ። አንዱ ጥይት ውስጥ 9 የእርሳስ ፍሬ አለ፤ የአንዷ ፍሬ ውፍረት 8.4 ሚሊ ሜትር። የምሽግ መታጠፊያ ላይ ረጅም ጠመንጃ አይዞርም፣ ይሄ ይዞራል።

የሰንዳፋዋ፦ ወንድሜ፣ የምሽግ ግድግዳ አፈር ነው። የኛ ሰፈር አጥር ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። አፈሙዙ ያልጠበበ ሾትጋን ፍሬውን በየሜትሩ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበትናል። 20 ሜትር ላይ የምጣድ ስፋት አከለ ማለት ነው። 40 ሜትር ላይ ከ9ኙ ብዙዎቹ ሰውየውን ይስታሉ። የሳቱትስ የት ይገባሉ? ቆርቆሮ አያቆማቸውም፤ ከቆርቆሮው ጀርባ ልጅ ተኝቷል።

የካራው፦ እህቴ፣ ክላሽስ? 8 ግራም ጥይት በሴኮንድ 700 ሜትር አልፎ ይሄዳል። ቤቱን በስቶ ጎረቤት ይደርሳል። የሾትጋኗ ፍሬ 3.5 ግራም ናት፣ ክብ ስለሆነች ፍጥነቷ ቶሎ ይወድቃል።

የሱሉልታው፦ ሁለታችሁም ርቀት ላይ ናችሁ፤ እኔ አሠራሩን ላንሳ። ዊንቸስተር 1897 ምላጩን ሳይለቁ ባቀባበሉት ቁጥር ይተኩሳል። ለምሽግ ወታደር ጥቅም ነበር፤ ለደነገጠ ዘበኛ አደጋ ነው። የኋለኞቹ ሞዴሎች ብዙዎቹ ምላጩ ካልተለቀቀ አይተኩሱም፣ ግን ሌላ ችግር አለ። በፍርሃት የፊት እጀታውን እስከ መጨረሻው ያልሳበ ሰው ቀለሁ ሳይወጣ ይቀርበታል፤ መሣሪያው ይነክሳል፣ አልተኩስ ይላል። ጥይቱም እርጥበት አይወድም። እ.ኤ.አ. በ1918 የወረቀት ቀለሁ በምሽግ ጭቃ እያበጠ አልገባ ብሎ ወደ ናስ ቀለህ ተሄዷል። አሁን ፕላስቲክ ነው፣ ያ ችግር ቀሏል።

የሰንዳፋዋ፦ ጋሼ፣ ጀርመን ራሷ «ከንቱ ስቃይ ያመጣል» ብላ ተቃውማ የለ?

የሱሉልታው፦ አዎ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1918። የ1907ቱን የሄግ የጦርነት ሕግ ስምምነት አንቀጽ 23 ጠቅሳ፣ ሾትጋን ይዞ የተማረከ ሕይወቱን ያጣል ብላ ዛተች። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮበርት ላንሲንግ ክሱን ውድቅ አድርጎ አጸፋውን እንደሚመልስ አስታወቀ፤ ጦርነቱም ኅዳር ላይ አበቃ። እኔ ክሱን አልቀበለውም። ከ1915 ጀምሮ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ መርዝ ጋዝ የለቀቀ ሠራዊት ስለ ስቃይ የመክሰስ መብት አልነበረውም። ቬትናም ጫካ ውስጥም መሣሪያው አገልግሏል፤ ዛሬም ዩክሬን ውስጥ ድሮን ይጥሉበታል። ሁሉም ቦታ ግን ሥራው ቅርብ ነው።

የሰንዳፋዋ፦ እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት ከዘበኛው ቤት እስከ እያንዳንዱ አጥር ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ከጀርባው የማን ቤት እንዳለ ይለካ። ከ20 ሜትር የሚያልፍ ከሆነ ባትሪና ፊሽካ ይበቃል እላለሁ።

የካራው፦ መለካቱን እቀበላለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዤ እወጣለሁ። ክላሹን ግን 10 ሜትርም ቢሆን አልስማማበትም።