የክራር ትምህርቴን ላቁም ወይ?

ጀንፈል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ክራር እማራለሁ። ጣቴ ገና አልተፍታታም፣ ግን ሳምንቱን የምገፋው ለዚያች ሰዓት ብዬ ነው።

ሰሞኑን የፈላስፋው የፒተር ሲንገር ክርክር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። በምሥራቅ ቤንጋል (በዛሬዋ ባንግላዴሽ) ሕዝብ ሲራብ አይቶ በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ሕፃን ኩሬ ውስጥ ሲሰምጥ ብታዪ ልብሴ ይበላሻል ብለሽ አታልፊም፤ ታዲያ ሩቅ አገር የሚሞተው በምን ይለያል? ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ሩቅ መሄድም አያስፈልገኝ፤ ሂርማታ ገበያ ዳር የተቀመጡትን እናቶች በየቀኑ አልፋቸዋለሁ። ስለዚህ የክራሩን ብር ልስጥ። ቀጥሎ የማኪያቶውን። ቀጥሎ ቅዳሜን ራሷን፣ ትርፍ ሰዓት ብሠራባት ይከፈለኛልና። ነቀፋ የሌለበት፣ ግን ልኖረው የማልጓጓለት ኑሮ ይሆናል።

እባካችሁ «ክራሩ ያድስሻል፣ ስትታደሺ የበለጠ ትሰጫለሽ» እንዳትሉኝ። ክራር የምወደው ለምጽዋት ጉልበት እንዲሆነኝ አይደለም።

ኮቺ፦
ደሞዝሽ ስንት ቢሆን ነው? የኔ ወሩ ሳይጋመስ ስለሚያልቅ እንዲህ ያለ ጭንቀት ይዞኝ አያውቅም 😂

የጅሬን ሰው፦
ልጄ፣ እኛ ዘንድ ዘካ ልክ አለው። ኒሷብ፣ ማለትም ዘካ ግዴታ የሚሆንበትን ዝቅተኛ መጠን፣ የሞላ ገንዘብ ዓመት ሲዞርበት ከመቶ 2.5 ነው። ክርስቲያኑም አሥራት ይላል። ፈጣሪ ልክ ያበጀለትን ፈላስፋሽ ምን ቤት ነው የሚያጠብቀው? ስለ ክራሩ ግን እኔን ባትጠይቂኝ ይሻላል።

ጀንፈል፦
እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ግን ዘካው ግዴታው ነው፤ በፈቃድ የሚሰጠው ሰደቃ ጣሪያ የለውም አይደል? እኔን ያስጨነቀኝ ያ ጣሪያ የሌለው ነው።

ተመራቂ፦
ሱዛን ዎልፍ የምትባል አሜሪካዊት ፈላስፋ በ1982 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አንስታለች። በሁሉ ነገሩ ፍጹም ደግ የሆነ ሰው ሙዚቃ ለመለማመድ፣ ልብ ወለድ ለማንበብ ፋታ አይኖረውም፤ እንደዚያ መሆንን አልመኝም ትላለች። ግብረ ገብ ይላላ አላለችም፣ ሕይወትን የምንመዝነው በእሱ ብቻ አይደለም ነው ያለችው። እኔን ሙሉ በሙሉ አላሳመነችኝም። ሂርማታ ለተቀመጠችው እናት «ሌላም መመዘኛ አለኝ» ብትያት ምን ትልሻለች?

ጀንፈል፦
የፈራሁት ይህንን ጥያቄ ነው። ለጊዜው ደሞዝ ሲገባ መጀመሪያ አንድ አሥረኛውን አነሳለሁ፣ ከዚያ ክራሩን እከፍላለሁ። ለምን አምስተኛው አይሆንም ብትለኝ መልስ የለኝም። ኮቺ፣ ደሞዜን አልነግርህም።